የማጀት ቢላዋ አመራረጥ

ለቤት ከሚገዙት ዕቃዎች ሁሉ እንደ ቢላዋ ዘወትር ከእጅ የማይለይ ጥቂት ነው። ሽንኩርቱ የሚከተፈው፥ ጎመኑ የሚቀረደደው፥ ዱባው የሚላጠው፥ በፍስክም ዶሮው በ12 ብልት የሚበለተውና ሥጋው የሚዘለዘለው በእርሱ ነው። ይሁን እንጂ ምጣድ ሲገዛ እያንኳኳ፥ ድስት ሲገዛ እያገላበጠ የሚመረምረው ሰው፥ ቢላዋ ሲገዛ ግን በብልጭታው ተማርኮ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል። በሁለተኛው ሳምንት ቢላዋው ቲማቲሙን መቁረጡ ቀርቶ መጨፍለቅ ይጀምራል።

ብዙ ሰው ስለታም ቢላዋ ያስፈራዋል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። የደነዘ ቢላዋ በሽንኩርቱ ቆዳ ላይ ይንሸራተታል፤ የያዘችውም ሴት ኀይል ትጨምራለች፤ በኀይል የተገፋው ብረት ሲያመልጥ የሚያርፈው በሌላው እጅ ጣት ላይ ነው። መጽሐፈ መክብብ በ10ኛው ምዕራፍ ስለ ደነዘዘ ብረት ሲናገር፥ ያልተሳለ መሣሪያ የሠራተኛውን ድካም እንደሚያበዛ ያስተምረናል። እንግዲህ ጥሩ ቢላዋ ማለት የሚያብረቀርቅ ቢላዋ ሳይሆን፥ ስለትን የሚቀበልና የተቀበለውንም የሚጠብቅ ቢላዋ ማለት ነው።

ዓለም ከተማ ከጀማና ከወንጪት ሸለቆዎች በላይ ባለው የመርሐ ቤቴ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንደ እርስዋ ባሉ የደጋ ከተሞች ለሚኖር ቤተ ሰብ ሁለት ዓይነት ቢላዋ ይቀርብለታል። አንደኛው የአገራችን ብረት ሠሪ በወናፍና በመዶሻ የሠራው ነው። ሁለተኛው ከፋብሪካ ወጥቶ፥ ከአዲስ አበባ በሙከ ጡሪና በለሚ አድርጎ ጀማን በሚሻገረው መንገድ የሚመጣው ነው። ሁለቱም የየራሳቸው በጎነትና ጉድለት ስላላቸው ባሕርያቸውን አውቆ መምረጥ ይገባል።

የብረት ጥንካሬ ምሥጢሩ በውስጡ ያለው ካርቦን ነው። ለመስኮትና ለበር የሚውለው ለስላሳ ብረት ካርቦኑ ከ1000 እጅ 2 እጅ ያህል ብቻ ስለሆነ፥ ቢያግሉትና ውሃ ውስጥ ቢነክሩት እንኳ በሚገባ አይጠነክርም። የመኪና ባሌስትራ ግን ከ1000 እጅ 6 እጅ ያህል ካርቦን አለው። አዋቂ ብረት ሠሪ ይህን ብረት እስኪቀላ ያግለዋል፤ ከዚያም በውሃ ወይም በዘይት ይነክረዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ይጠነክራል፤ ነገር ግን እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ስለዚህ ዳግመኛ በለዘብታ አሙቆ ግትርነቱን ያበርድለታል። ከብረት ሠሪ የሚገዛ ሰው «ከምን ብረት ነው የሠሩት?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም። ሞያውን የሚያከብር ሠራተኛም ጥያቄውን ደስ ብሎት ይመልሳል።

የማይዝገው ቢላዋ ደግሞ ክሮምየም የተጨመረበት ነው። በ1913 እ.ኤ.አ. ሃሪ ብሬርሊ የተባለ እንግሊዛዊ በሼፊልድ ከተማ ስለ ጠመንጃ አፈሙዝ ሲመራመር ዝገትን የሚቋቋም ብረት አገኘ፤ ከተማዋ ቢላዋ የሚሠራባት ነበረችና ብረቱ ፈጥኖ ወደ ማጀት ገባ። እንዲህ ያለው ብረት ቢያንስ ከ100 እጅ 10.5 እጅ ክሮምየም አለበት። ሎሚና ቲማቲም አያጠቁሩትም። ነገር ግን ካርቦኑ ያነሰ ርካሽ ዓይነት ሲሆን፥ መልኩ እንዳማረ ስለቱ ቶሎ ይታጠፋል። ባሌስትራው በአንጻሩ ይጠቁራል፥ ካልደረቀም ይዝጋል፤ ስለቱ ግን በቀላል ድንጋይ ይመለሳል። ድካም ለበዛበትና ዕቃ አድርቆ ለማስቀመጥ ጊዜ ለሌለው ቤት የማይዝገው ይሻላል፤ በእንክብካቤ ለሚይዝ ቤት ግን የባሌስትራው ይመረጣል።

ከመግዛታችሁ በፊት አራት ነገር ተመልከቱ።

አንደኛ፥ ስለቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ በብርሃን ፊት ያዙት። በስለቱ ላይ የሚያበራ ነጭ መስመር ከታየ፥ ያ ቦታ ገና ያልተሳለ ወይም የደነዘ ነው። የሰላ ጠርዝ ብርሃን አይመልስም።

ሁለተኛ፥ ከእጀታው በኩል ወደ ጫፉ በአንድ ዓይን አነጣጥራችሁ ተመልከቱ። የተጣመመ እንደ ሆነ ተዉት።

ሦስተኛ፥ እጀታውን መርምሩ። የብረቱ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ ቢደርስና በሁለት ወይም በሦስት ችንካር ቢያዝ ጽኑ ነው። በብረቱና በእንጨቱ መካከል ክፍተት ካለ ግን ውሃና ቅባት ይገባበታል፤ ይሸታል፥ ይበሰብሳልም።

አራተኛ፥ በሚሠራበት እጅ ልክ ይሁን። ለዕለት ሥራ ስለቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት ከአንድ ስንዝር ያልበለጠ ቢላዋ ይበቃል። የሚመርጠውም የሚከፍለው ሰው ሳይሆን የሚከትፈው ሰው ቢሆን መልካም ነው። ባል ገዝቶ ሚስት የምትቸገርበት ቢላዋ ጥቂት አይደለምና።

ከተገዛም በኋላ ጠባቂ ይሻል። በብረት ወይም በድንጋይ ላይ መክተፍ ስለቱን ይገድለዋል፤ የእንጨት መክተፊያ ግን ያዝንለታል። ሲሳልም ቢላዋውን በመሳያው ድንጋይ ላይ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ያህል ብቻ አዘንብሎ ሁለቱን ወገን እኩል መሳብ ነው። እሳት ውስጥ መክተት ፈጽሞ አይገባም። በኤሌክትሪክ ድንጋይ ውሃ ሳይነካው ሲሳል ስለቱ ሰማያዊ ከሆነም፥ ሠሪው የሰጠው ጥንካሬ በዚያ ቦታ ጠፍቷል ማለት ነው። ከዝገት ለመጠበቅ ሞራ የሚቀቡ ቤቶች አሉ፤ በጾም ወራት ግን ያው ቢላዋ ሽንኩርት ስለሚከትፍ በሞራው ፈንታ ጥቂት የእህል ዘይት ቢቀቡት ጾሙም ብረቱም ይጠበቃል።

በመጨረሻ ስለ ሠሪው አንድ ቃል እንናገር። መጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ በ13ኛው ምዕራፍ እንደሚተርከው፥ በእስራኤል ምድር ብረት ሠሪ በጠፋ ጊዜ ሕዝቡ ማረሻውንና ምሳሩን ለማሳል ወደ ጠላቶቹ ይወርድ ነበር። በአገራችን ደግሞ ብረት ሠሪውን የሚያርቀው የራሳችን ስድብ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት አዋጅ ሠራተኛን በሞያው መስደብን ከልክለዋል። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ነገር ግን በእጁ የሠራውን ቢላዋ በየዕለቱ እየተጠቀሙ ልጁን ከልጃቸው ጋር ለማጋባት የሚጸየፉ አሁንም አልጠፉም። የሚያዋርዱት ሞያ ልጅ አይወርሰውም። ወራሽ ያጣ እንደ ሆነም ነገ የደነዘውን ቢላዋችንን ይዘን የምንሄድበት ደጅ አይኖረንም። ስለዚህ ቢላዋ ስትገዙ ብረቱን መርምሩ፥ ሠሪውንም አክብሩ።