ጉብታው ሰው ማዳኑን በምን እናውቃለን?

የመርካቶ መንገድ የመኪና ብቻ አይደለም። ተሸካሚው ጆንያ ተሸክሞ ይሄድበታል። ጋሪ ገፊውም፣ ሸማቹም፣ ተማሪውም ይሄድበታል። ሸክም ያለበት ሰው ቶሎ ዞር ማለት አይችልም። ጥሩንባ ቢነፋበት ምን ያድርግ? ቀስ ማለት ያለበት መኪናው ነው።

እስቲ ሒሳብ እንሥራ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነዳ መኪና በአንድ ደቂቃ 1 ሺህ ሜትር ይሄዳል። ይህን ለ60 እናካፍለው። በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ያህል ይሆናል። ሾፌሩ ሰው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እንግዲህ መኪናው 17 ሜትር ዝም ብሎ ሄደ ማለት ነው! በ30 ቢነዳ ግን 8 ሜትር ነው። በ30 የተገጨ እግረኛ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል።

«30» የሚለውን ምልክት እኛም ዛሬ እናነባለን። አንዳንዱ ሾፌር ግን አንብቦት ያልፋል። ጉብታን እንዲህ ማለፍ የለም፤ መኪናው ራሱ ይነግረዋል።

በጋና አገር፣ ከአክራ ወደ ኩማሲ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ሱሁም የሚባል መገናኛ አለ። እዚያ መኪና የሚያንገጫግጩ ዝቅተኛ ጉብታዎች ተሠሩ። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2000 እስከ 2001 ሲቆጠር፣ አደጋው ከ100 በ35 ቀነሰ። የሚሞተው ሰው ቁጥር ደግሞ ከግማሽ በላይ ቀነሰ።

ይህ የታወቀው ከሥራው በፊትም በኋላም ስለተቆጠረ ነው። አንድ ወር ሰላም ሆነ ብሎ መፍረድ አይቻልም። የበዓል ዋዜማ ገበያና የክረምት ገበያ አንድ አይደሉማ! ጉብታ ከሌለው ተመሳሳይ መንገድ ጋርም ማስተያየት ያስፈልጋል። ሾፌሮች ጉብታውን ሸሽተው በጓሮ መንገድ ከዞሩ፣ አደጋው ቦታ ለወጠ እንጂ አልቀነሰም። ቀለም ያልተቀባ ጉብታም በማታ ራሱ አደጋ ነው።

በከተማችንም ተሞክሯል። ለገሃር መገናኛ ላይ፣ በኋላም እዚሁ መርካቶ ሰባተኛ ላይ፣ አስፋልቱ በቀለም ተከልሎ ለእግረኛ ቦታ ተሰጠ። መንገዱ ሲጠብ ሾፌሩ ቀስ ይላል። እኛ ይህን አሠራር ወደነዋል። ቀለም ርካሽ ነው፤ ካልሠራ ይለወጣል፤ ከሠራ በድንጋይ ይጸናል።

ግን ቆጠራው ላይ ችግር አለ። ብዙ ግጭት «በሽምግልና ይለቅ» ተብሎ እዚያው ይቀራል። እግሩ ተሰብሮ ወጌሻ ቤት የሄደ ጋሪ ገፊ በፖሊስ መዝገብ ላይ የለም። ጉብታ የት ይሠራ ሲባል ደግሞ የሚታየው መዝገቡ ነው።