ያለ አንደበት ስለ መናገር

ባለፈው ፋሲካ ማግስት ከጓደኞቻችን በአንዱ ዘመድ ቤት ተጋብዘን ሄደን ነበር። ከመስኮቱ አጠገብ ዕድሜው 14 ዓመት የሚሆን ልጅ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጧል። ሻይ ሲቀርብ ከመካከላችን አንዱ ወደ እናቱ ዞሮ፣ «እትዬ፣ እሱ ሻይ ይጠጣል?» ሲል ጠየቀ። እሳቸውም፣ «ምን እኔን ትጠይቁኛላችሁ ልጆቼ፤ እሱን ጠይቁት እንጂ» አሉን። አፍረን ጠየቅነው። ነገር ግን ጥቂት ሰኮንድ ያህል እንደ ጠበቅን ዝምታው ከበደንና ስለ ፈተና ማውራት ጀመርን። ልጁ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ «አዎን» ያለው ጨዋታችን ከተጋመሰ በኋላ ነው። ያዩትም እናቱ ብቻ ናቸው።

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ያ ቀን ነው። በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሐሳብ ነጻነት ከእኛ የበለጠ የሚከራከር ያለ አይመስለንም፤ ዳሩ ግን አንድ ልጅ ሻይ ይፈልግ እንደሆነ እስኪነግረን ድረስ መታገሥ አቃተን።

የዚህ ልጅ ሕመም ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። አንጎል ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ በማሕፀን ወይም በወሊድ ጊዜ ወይም ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ጉዳት ሲደርስበት ጡንቻዎችን የማዘዝ ኀይሉ ይታወካል። እጅና እግር ብቻ ሳይሆኑ ምላስና ከንፈርም እንቢ ሊሉ ይችላሉ። ማስተዋል ግን ከአንደበት ጋር አብሮ የሚታሰር ነገር አይደለም። ኦቲዝምና ዳውን ሲንድሮም ካለባቸውም መካከል በአፋቸው ጥቂት የሚናገሩ ወይም ከቶ የማይናገሩ አሉ። እነዚህ ሰዎች በምልክት፣ በሥዕል ካርድ፣ በፊደል ሰሌዳ፣ ወይም የነኩትን ሥዕል በድምፅ በሚናገር መሣሪያ ሐሳባቸውን ሲገልጹ አማራጭ መግባቢያ ተጠቀሙ ይባላል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት (እ.ኤ.አ. 2006) ይህን ከመግባቢያ ዓይነቶች እንደ አንዱ ቈጥሮታል፤ ኢትዮጵያም ስምምነቱን እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች።

የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች እንደመሆናችን መጠን ክሪስቲ ብራውንን ሳናነሣ ማለፍ አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1932 በደብሊን ከድኻ ግንበኛ ቤት የተወለደው ይህ ሰው ሴሬብራል ፓልሲ ነበረበት። በአምስት ዓመቱ ገደማ ከእኅቱ እጅ ጠመኔ በግራ እግሩ ጣቶች ነጥቆ መጻፍ ሞከረ፤ እናቱም አጠገቡ ተንበርክከው ፊደል አስቈጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1954 የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። እግሩ እንዳለ ሆኖ፣ እናቱ ሐኪሞቹ «ተስፋ የለውም» ሲሏቸው አለመቀበላቸው ይበልጥ ያስደንቀናል።

ሌላው ታሪክ ትንሽ ያስቃል። ቻርልስ ብሊስ እ.ኤ.አ. በ1897 በቼርኖቪትስ የተወለደ የኬሚካል መሐንዲስ ነበር። ከናዚዎች የእሥር ሰፈሮች ከዳኻውና ከቡኸንቫልድ ወጥቶ ሻንጋይ ሲደርስ የቻይናን ጽሕፈት አየ፤ ከዚያም ተነሥቶ ሕዝቦች ሁሉ ያለ ትርጁማን የሚግባቡበት የሥዕል ጽሕፈት ፈለሰፈ። እ.ኤ.አ. በ1949 በአውስትራልያ መጽሐፉን ቢያወጣም ሰሚ አላገኘም። እ.ኤ.አ. በ1971 ግን በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ፣ ሽርሊ ማክኖተን የተባለች መምህርት ከባልደረቦቿ ጋር ሆና መናገር ለማይችሉ ሕፃናት ምልክቶቹን አስተማረች። ሕፃናቱም ምልክት ከምልክት እያጣመሩ የራሳቸውን አነጋገር መፍጠር ጀመሩ። ብሊስ መጀመሪያ እጅግ ተደሰተ፤ ኋላ ግን ምልክቶቼን አበላሹብኝ ብሎ ከማእከሉ ጋር ለብዙ ዘመን ተጣላ። ቋንቋ ለልጆች ከተሰጠ በኋላ የፈጣሪውን ትእዛዝ እንደማይጠብቅ አልተረዳም መሰለን።

እንግዲህ አጠገባቸው ያለን ሰዎች ምን ማድረግ ይገባናል? ሰሌዳ ገዝቶ ጭን ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ሕፃን አፉን ከመፍታቱ በፊት አንድ ዓመት ያህል ንግግር ሲሰማ ይቈያል፤ በሥዕል የሚናገረውም ልጅ ሌሎች በዚያው ሰሌዳ ሲናገሩ ማየት ያስፈልገዋል። ስለዚህ እናት «አሁን እንበላለን» ስትል የመብላቱን ሥዕል በጣቷ ትነካለች፤ ልጁን ግን «ንካ» ብላ አታስገድደውም። ብዙ ወላጆች ልጃችን በሥዕል ከለመደ መናገሩን ይተዋል ብለው ይሰጋሉ። ይህ በብዙ ጥናት ተመርምሮ ሥዕሉ ንግግርን እንደማያግድ፣ በአንዳንዶቹም ላይ ጥቂት እንደሚያግዝ ታይቷል።

ከዚህም ሌላ በገዛ ባህላችን ውስጥ ያለውን ሀብት አንርሳ። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎን» ማለት፣ ቅንድብን ከፍ አድርጎ እሺ ማለት፣ ማንም ኢትዮጵያዊ ሳይማር የሚያውቀው ነው። ከውጭ የሚመጣው የሥዕል ሰሌዳ ግን ለአፋችን አልተሰፋም። «እኔ» ለብቻው፣ «እፈልጋለሁ» ለብቻው ተጽፎ ይመጣል፤ በአማርኛ ግን «እኔ» በግሡ ሆድ ውስጥ አለ። «ስጠኝ» ብቻ የሚል መሣሪያ የተሰጠው ልጅ አያቱን በወንድ አንቀጽ ሲያዝ ይኖራል፤ «ስጪኝ» እና «ይስጡኝ» ካልተጨመሩለት ባለጌ የሚባለው እሱ ነው እንጂ የመሣሪያው ሠሪ አይደለም። በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማእከልን የመሠረቱት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የማስተማሪያ ዘዴያቸውን ከፊደላችን ድምፆች መጀመራቸው ትክክለኛ አካሄድ ይመስለናል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ደርሰናል፤ ይኸውም ቃሉ የማን ነው የሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በአውስትራልያ ተጀምሮ በ1990 አካባቢ ወደ አሜሪካ የገባ አንድ ዘዴ ነበር። ረዳቱ የልጁን እጅ ይዞ በፊደል ሰሌዳ ላይ ያግዘዋል፤ ቃል ተናግረው የማያውቁ ልጆችም ድንገት ረጃጅም ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ወላጆች በደስታ አለቀሱ። በኋላ ግን ለረዳቱ አንድ ሥዕል፣ ለልጁ ሌላ ሥዕል፣ አንዱ የሌላውን ሳያይ እያሳዩ ሲፈትኑ፣ የሚጻፈው ስም ረዳቱ ያየው ሥዕል ሆኖ ተገኘ። ረዳቶቹ አታላዮች አልነበሩም፤ እጃቸው ሳያውቁት ይመራ ነበር። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 ዘዴው በሳይንስ አልተረጋገጠም ሲል ወሰነ። ከዚህ የምንማረው ልጁን መርዳት እንድንተው ሳይሆን ምልክቱ ከራሱ አካል እንዲወጣ፣ ረዳቱም መልሱን በማያውቀው ጥያቄ ዘወትር እንዲፈተን ነው።

ወደዚያ ቤት ተመልሰን የሄድነው ይህን ካነበብን በኋላ ሲሆን፣ ከካርቶን የሠራነውን የፊደል ሰሌዳ ይዘን ነበር። ልጁ ታናናሾቹ ሲያጠኑ እየሰማና እያየ ፊደል ቈጥሯል። 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ቤታቸው 231 ስለሚሆኑ ሁሉን በአንድ ሰሌዳ መደርደር ዐይን ያደክማል። ስለዚህ ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉንና ድምፃቸው የተደገመውን ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ እና ፀ አስቀርተን የቀሩትን 28 በአራት መስመር ሰባት ሰባት አድርገን ጻፍን። ረዳቱ መስመሩን በተራ ይጠራል፤ ልጁ ቅንድቡን ሲያነሣ ያቆማል። ቀጥሎ የዚያን መስመር ፊደላት፣ ከዚያም እንደ የኔታ ቤት «በ፣ ቡ፣ ቢ» እያለ ሰባቱን ቤት ይጠራል። እጁን የሚነካው የለም። «ቡና» ለማለት 15 ጊዜ መጥራት ሲያስፈልግ «ሻይ» 25 ይፈጃል፤ ቡና የሀገር መጠጥ ነው የሚሉ ጓደኞቻችን በዚህ ተኩራርተዋል።

ልጁም ጀመረ። ሁለተኛ መስመር፣ በ፣ ሁለተኛ ቤት። «ቡ!» አልን፤ ወዲያውም ሁላችንም ባንድ አፍ፣ «ቡና! ቡና ይፈላለት!» ብለን ጮኽን። እሱ ግን ዐይኑን ወደ መሬት ጣለ፤ ይህ የእሱ «አይደለም» ነው። እናቱ፣ «አስጨርሱት» አሉን። እንደገና ከመስመሩ ጀመርን። ሁለተኛ መስመር፣ ቸ፣ ስድስተኛ ቤት። አንደኛ መስመር፣ ለ፣ አራተኛ ቤት። «ቡችላ» ሆነ። እናቱ፣ «የምን ቡችላ?» አሉ፤ እኛም አላወቅንም። ልጁ በመስኮቱ በኩል ወደ ጎረቤት አጥር አየ። ከታናናሾቹ አንዱ ሮጦ ሄደና ሲመለስ የጎረቤት ውሻ ሌሊቱን አራት መውለዷን ነገረን።