ሽልማት ደረሰኝ የለውም፦ የአርቲስቶች ድጎማ ከሐደራ ገበያ ሲታይ

በእስራኤል የሐደራ ከተማን ገበያ የሚያዘወትር ከኢትዮጵያ የመጣ የእኛ ሰው ጤፍና በርበሬ ብቻ ገዝቶ አይመለስም። የማን ልጅ እንደሚዳር፣ የትኛው ዘፋኝ ለየትኛው አዳራሽ እንደተያዘ፣ ማሲንቆ የሚመታው ማን እንደሆነ የሚሰማው እዚያው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ በኮሮና ጊዜና ከዚያ ወዲህ ለአርቲስቶች የተሰጠውን የገንዘብ ድጋፍ ለመመዘን ከቴል አቪቭ ትያትር ቤቶች ይልቅ ይህ ገበያ የተሻለ መነሻ ይመስለኛል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርች 2020 አጋማሽ ላይ ከአሥር ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ሰርግ ቀረ፤ ትንሽ ቆይቶ በመላ አገሪቱ ክፍት ገበያዎች ተዘጉ፤ የተከፈቱትም ሜይ 7 ነው። በዚያው ማርች ዘፋኟ ኤደን አለነ እስራኤልን ወክላ አማርኛ ያለበትን «ፍቅር ልቤ» የተሰኘ ዘፈን ይዛ ወደ ዩሮቪዥን ልትሄድ ስትዘጋጅ ውድድሩ ተሰረዘ። ለቀጣዩ ዓመት እሷው እንድትወክል ተወሰነ፤ ዘፈኑ ግን በውድድሩ ደንብ ምክንያት አልተፈቀደም። በ2021 ሮተርዳም ላይ በሌላ ዘፈን ቀርባ በፍጻሜው 17ኛ ወጣች። ከኋላዋ ተቋም ያለው አርቲስት ዕድሉ ለአንድ ዓመት ሊቆይለት ይችላል። የሰርግ ዘፋኝ ግን የተሰረዘበትን ሰርግ ማንም አያቆይለትም፤ ሙሽሮቹ ራሳቸው ጥቂት ሰው ጠርተው ግቢ ውስጥ ይጋባሉ።

መንግሥት ገንዘብ አልሰጠም ማለት ሐሰት ነው። ተቀጣሪ የነበረ ሰው «ሃላት» (ያለ ክፍያ ፈቃድ) ወጥቶ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ (ብሔራዊ መድን) የሥራ አጥ ክፍያ ያገኝ ነበር፤ ለዚህ የሚጠየቀው የሥራ ዘመንም ከአሥራ ሁለት ወር ወደ ስድስት ወር ዝቅ ተደርጓል። ለአጽማኢ፣ ማለትም በግሉ ለሚሠራው፣ መጀመሪያ እስከ 6,000 ሸቀል፣ ቀጥሎ እስከ 10,500፣ በኋላም በየሁለት ወሩ እስከ 15,000 ሸቀል የሚደርስ «ማአናክ» (ድጎማ) ተከፈለ። ስሌቱ ቀላል ነው፦ ለግብር ያስታወቅኸው ገቢ ይታያል፣ ሥራህ በስንት በመቶ እንደወደቀ ይታያል፣ ከዚያ ድርሻህ ይወጣል። በመጀመሪያው ዙር በወር በአማካይ ከ2,000 ሸቀል በታች ያስታወቀ ምንም አያገኝም ነበር። ወለሉ በኋላ ወደ 714 ሸቀል ወረደ፤ ይህን ያደረገ ባለሥልጣን ማን እንደሆነ ባላውቅም እጁን ይባርከው። ትንሽ የሚያስታውቁ ብዙ ሙዚቀኞች በዚያች ማስተካከያ ነው የገቡት።

ምንም ያላስታወቀውስ? የእኛ ሙዚቃ ገንዘብ ከሌላው ሙዚቃ በተለየ መንገድ ነው የሚመጣው። ዘፋኙ ለመድረኩ የሚከፈለው ትንሽ ነው፤ ዋናው ሽልማት ነው። የሙሽራው አጎት ተነሥቶ ግንባሩ ላይ ሃምሳ ይለጥፍለታል፤ የሙሽሪት ወገን እንዳይበለጥ መቶ ይጨምራል፤ ስሙ የተጠራ ሁሉ ኪሱን ይዳብሳል። ገንዘቡ በዚያው ሌሊት ለኪቦርድ መቺው፣ ለማሲንቆው፣ ለተወዛዋዦቹ ይከፋፈላል። ይህ አሠራር ከጎንደር ተነሥቶ እዚህ ሐደራ ድረስ የመጣ ነው፤ በሱ ቤት የሠራ፣ ልጅ ያሳደገ ሰው አለ። በግብር መሥሪያ ቤት ዓይን ግን ያ ሌሊት አልነበረም። ሌሊቱ ካልነበረ የገቢ መውደቅም የለም፤ የገቢ መውደቅ ከሌለ ድጎማ የለም። በሱቅ ደጃፍ የሚሰማው «ለእኛ አልደረሰንም» የሚል ቅሬታ በአብዛኛው ከዚህ የመነጨ ነው። አንዳንዱ አድልዎ ይለዋል። የቋንቋ ችግር መኖሩን አልክድም፤ ለሽማግሌ ቀርቶ ለወጣትም የዕብራይስጡ ቅጽ አስቸጋሪ ነው። ነገር ግን ቅጹ በአማርኛ ቢሆንም ኖሮ በሚሞላው ሣጥን ውስጥ የሚጻፍ ቁጥር አልነበረም።

ለዚህ ማስረጃ የሚሆነኝ ኦገስት 2020 ነው። ያኔ መንግሥት ለእያንዳንዱ አዋቂ 750፣ ለልጅ 500 ሸቀል (ከአምስተኛው ልጅ ጀምሮ 300) ከሞላ ጎደል ለሁሉም በባንክ አስገባ። ኢኮኖሚስቶች «ለማይገባው ሁሉ ተበተነ» ብለው ተቹት። ትችታቸው ከሒሳብ አንጻር ልክ ሊሆን ይችላል፤ ማሲንቆ መቺው ቤት ግን ምንም ወረቀት ሳይጠየቅበት የገባው ያ ገንዘብ ነው።

የሰርግ አዳራሾች ጁን 14 ቀን 2020 እስከ 250 ሰው እንዲይዙ ተከፈቱ፤ ጁላይ ላይ እንደገና ተዘጉ፤ በመጨረሻ በ«ታቭ ያሮክ» (አረንጓዴ የይለፍ ወረቀት) የተመለሱት ማርች 7 ቀን 2021 ነው። በዚያው ዓመት ጁን 30 ላይ የተራዘመው የሃላት ክፍያ ለአብዛኛው ሰው ቆመ። ተቀጣሪው ከዚያ ወዲህ ሥራ መፈለግ ነበረበት፤ የሰርግ ሙዚቀኛው ግን ያን ጊዜ ሥራ በዝቶበት ነበር፤ የተላለፉ ሰርጎች ሁሉ በአንድ ላይ መጡ።

በአዲስ አበባም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። ማርች 2020 የምሽት ክበቦችና መጠጥ ቤቶች ተዘጉ፤ ኤፕሪል 8 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ደንቡም አሠሪዎች ሠራተኛ እንዳይቀንሱ ከለከለ። ጥሩ ድንጋጌ ነው፤ ደመወዝተኛ አርቲስት ሊጠቀምበት ይችል ነበር። የአዝማሪ ቤት ዘፋኝ ግን የቅጥር ውል ስለሌለው ከምን ይቀነሳል? አርቲስቶች በቴሌቪዥን እጅ መታጠብን ያስተምሩ ነበር፤ ሌላውን እንዲያግዙ ተጠሩ፤ እነርሱን ማን ያግዝ የሚለው ግን ብዙም አልተነሣም።

በሌላው ዓለም ብዙ ዓይነት ተሞከረ። እንግሊዝ 1.57 ቢሊዮን ፓውንድ መደበች፤ አብዛኛው ለተቋማት ነበር። ከሁሉ የማደንቀው የአየርላንድን ነው፦ በ2022 ከ8,000 በላይ ብቁ አመልካቾች መካከል 2,000 አርቲስቶችን በዕጣ መርጣ በሳምንት 325 ዩሮ ትከፍል ጀመር። የገቢ ውድቀት ሳይሆን አርቲስትነት ነበር መስፈርቱ። ለሰርግ ዘፋኝ የሚመቸው እንዲህ ያለው ነው፤ እዚህ ግን ሲነሣ አልሰማሁም።

እዚህ እስራኤል ደግሞ ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ የተነሣው የጋዛ ጦርነት ሰርጎችን እንደገና ሰረዘ። የሃላት መመሪያ እንደገና ላላ፤ ለንግድ የተሰጠው ማካካሻም እንደገና ከገቢ መውደቅ ጋር ተሰላ። ያው ቀመር ነው፤ ውጪ የቀሩትም ያው ሰዎች ናቸው። ሦስት ዓመት ለመዘጋጀት በቂ ነበር፤ የማኅበረሰባችን ድርጅቶችም ቢሆኑ በዚህ ጉዳይ ብዙ አልሠሩም።

ስለዚህ ለሐደራ ዘፋኞችና መቺዎች የምለው አለኝ። «ዖሴክ ፓቱር» (ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ የሆነ አነስተኛ ንግድ) ክፈቱ፤ በ2024 ዓመታዊ ጣሪያው 120,000 ሸቀል ነበር፤ ከዚያ በታች የሚያገኝ ተጨማሪ እሴት ታክስ አያስከፍልም። የቢቱዋሕ ሌኡሚ መዋጮ አለበት፤ እሱን አልደብቃችሁም። የመድረኩን ክፍያ በደረሰኝ ተቀበሉ፤ የሌሊቱንም ሽልማት ቆጥራችሁ መዝግቡ። ሰርግ የምትደግሱ ወላጆችም ደረሰኝ ሲሰጣችሁ «ለምን አስፈለገ» አትበሉ፤ ተቀበሉት።