ተጣባቂ ሩዝ ለቁርስ፤ ያደረው ግን ይቅር

ቦሌ ሚካኤል ላይ በተለይ ከሶማሌ ወገኖቻችን ማዕድ ሩዝ አይጠፋም። ታይላንዳውያን ደግሞ ተጣባቂውን ሩዝ ለቁርስ ይበሉታል፤ ሥጋም ወተትም እንቁላልም አያስፈልገውም። ባስማቲ ግን አይሆንላችሁም፤ ፍሬው አይያያዝም።

ማታ ዘፍዝፉት። ከፈጅር ሶላት በኋላ ውሃውን ደፍታችሁ፣ በንጹሕ ስስ ጨርቅ ላይ በእንፋሎት ግማሽ ሰዓት ያህል አብስሉት። የኮኮነት ወተት በጥቂት ስኳርና ጨው አሙቃችሁ አፍስሱበት፤ ማንጎ ጨምሩ። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ጥቂት ብቻ ይቅመስ፤ ይህ ሩዝ የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋል።

አደራ፣ ትኩሱን ብሉ! ሆዳቸውን ይዘው ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡትን "ቁርስ ምን በላችሁ?" ስላቸው "የማታውን ሩዝ አሙቀን" የሚሉኝ አሉ። ባሲለስ ሴሬየስ የተባለው ባክቴሪያ ዘሩ ሲበስልም አይሞትም፤ ሩዙ ምድጃ ላይ ሲያድር ይራባና መርዝ ያመነጫል። መርዙን ደግሞ ማሞቅ አያጠፋውም፤ ከ1 እስከ 6 ሰዓት ውስጥ ያስመልሳል። ለሱሁር የበላው ሰው ቀኑን እንዴት ይዘልቀዋል? የተረፈውን በ1 ሰዓት ውስጥ አቀዝቅዛችሁ ፍሪጅ አስገቡ። መብራት ጠፍቶ ካደረ ጣሉት፤ ኢስራፍ ይሆናል ብላችሁ ለልጅ አትስጡ።