ድባቴ በዘር ይወረሳልን?

አንባቢ ሆይ፤ ከአንኮበር ቁልቁል ወርደህ በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ብትደርስ፣ ደገኛውና ቆለኛው ሲገበያይ ታያለህ። በ19ኛው መቶ ዘመን ከባሕር ጠረፍ የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ያርፍባት የነበረች ከተማ ናት። ዛሬም በገበያዋ ከእህሉና ከከብቱ ጋራ የጋብቻ ወሬ አይጠፋም።

እዚያ ሁለት ሽማግሎች ስለ አንዲት ልጅ ሲመክሩ ሰማሁ። «ልጅቷስ ጨዋ ናት፤ ዳሩ ግን እናቷ ወራት ሙሉ ከሰው ተለይታ፣ እህል አልበላ ብሏት ትተኛ ነበር። በዘራቸው አለ፤ ይቅርብን» አለ አንደኛው። ሁለተኛው ወደ እኔ ዞሮ፣ «መምህር፣ አንተ ተምረሃል፤ እውን በዘር ነው?» ሲል ጠየቀኝ።

አንተ ብትጠየቅ ምን ትል ነበር? «አዎን» ብሎ መዝጋትም፣ «አይደለም» ብሎ መካድም ስሕተት ነው።

ሐኪሞች ይህን በሽታ ድባቴ ይሉታል። የዘር ድርሻ በእርግጥ አለው። ወላጁ ወይም ወንድሙ የታመመበት ሰው ከሌላው ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይጋለጣል። በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ የመንትዮች ጥናቶች ድምር እንደሚያሳየው፣ በሰዎች መካከል ካለው የመጋለጥ ልዩነት 37 በመቶ ያህሉ የዘር ነው። የቀረው የኑሮ ነው፤ ሐዘን፣ ችግር፣ ሕመም፣ ብቸኝነት። ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች እንኳ አንዱ ታሞ ሌላው በጤና ሊኖር ይችላል።

ታዲያ የድባቴ ጂን የትኛው ነው? በ2003 እ.ኤ.አ. አንድ ጂን ከመከራ ጋራ ሲገናኝ በሽታውን ያመጣል ተብሎ ብዙ ተወራለት፤ በ2019 የወጣ እጅግ ሰፊ ምርመራ ግን አላረጋገጠውም። በ2025 ከ29 አገሮች የተሰበሰበ ጥናት ወደ 700 የሚጠጉ የዘር ልዩነቶችን አገኘ። የእያንዳንዱ ጉልበት ከጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው፤ ከእነርሱም ጥቂቱን ያልያዘ ሰው የለም። የሙሽራው ቤትም ከዚህ ነጻ አይደለም!

ለሽማግሌው እንዲህ አልኳቸው፦ «አባቴ፣ አንድ ማሽላ በሁለት ማሳ ቢዘራ፣ ዝናብ ያገኘው ያፈራል፤ ያጣው ይጠወልጋል። ዘር ያዘነብላል እንጂ አይፈርድም። ለመሆኑ እናቲቱ ሐኪም አይተዋል?»

«ማን ይወስዳታል? የቤቱ ስም እንዳይጠፋ ሸሽገዋት ነው እንጂ» አሉኝ።

አንባቢ ሆይ፤ ጉዳቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ድባቴ በምክርና በመድኃኒት ይታከማል፤ ሸሽገው ያስቀመጡት ግን ሕይወት እስከ ማጥፋት ያደርሳል። በቤትህ እንዲህ ያለ ታሪክ ካለ፣ ለመሸሸግ ሳይሆን ቀድመህ ለመንቃት እወቀው። ልቡ የከበደውን፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣውን ሰው ሁለት ሳምንት ካለፈው እጁን ይዘህ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰደው። ስለ ጋብቻም ሽማግሌ ሲጠይቅህ፣ የተማርኸውን ሳትፈራ ንገረው።