ሂና ለምን ጥቁር አይሆንም?

በጅግጅጋ ወይም በሐረር ጺማቸውን ሂና የተቀቡ አዛውንት ያየ ሰው የዚህን ቅጠል ዋና ጠባይ አይቷል። ሽበቱ ደማቅ ብርቱካናማ ይሆናል፤ እዚያው ጺም ውስጥ የቀረው ጥቁር ጸጉር ግን ጥቁር እንደሆነ ይቆያል፣ ቢበዛ ፀሐይ ሲያርፍበት ቀላ ይላል። ሂና ቀለም ይጨምራል እንጂ የነበረውን አያነሣም። የፋብሪካው ቋሚ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ በአሞኒያ የጸጉሩን ቅርፊት ይከፍታል፣ በፐርኦክሳይድ ሜላኒኑን ያደበዝዛል፣ ከዚያ አዲሱን ቀለም ያስገባል። ሂና ግን በነበረው ላይ ቀይ መስታወት እንደ መደረብ ነው። ጥቁር ጸጉርን ወርቃማ አደርጋለሁ የሚል ሂና ካለ፣ ሥራውን የሚሠራው ሌላ ነገር ነው።

የቀለሙ ባለቤት ላውሶን የሚባል ሞለኪውል ነው፤ ከደረቁ ቅጠል ክብደት ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ቅጠሉ ውስጥ እያለ ከስኳር ጋር ተጣምሮ ስለሚኖር ወዲያው አያቀልምም፤ ዱቄቱ ተቦክቶ ለሰዓታት ሲቀመጥ ነው ጥምረቱ የሚፈታው። ሎሚ የሚጨመረውም ለሽታ አይደለም፤ መጠነኛ አሲድ የተፈታው ላውሶን ቶሎ እንዳይበላሽ ያግዛል። ሞለኪውሉ ትንሽ በመሆኑ ወደ ጸጉሩ ዘልቆ ከኬራቲን ጋር በኬሚካል ይተሳሰራል፤ ሻምፑ አጥቦ የማይጨርሰው ለዚህ ነው። በታጠበበት ዕለት ዓይን የሚወጋው ብርቱካናማ ቀለምም በ2 ወይም 3 ቀን ውስጥ አየር እያገኘው ወደ ጠቆር ያለ ቀይ ይሄዳል፤ ደንግጦ ዳግም መቀባት ችኮላ ነው።

«ታዲያ በየሱቁ የሚሸጠው ጥቁር ሂና ምንድን ነው?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱም ሁለት ነው። አንደኛው ኢንዲጎ ነው፦ የሌላ ተክል ሰማያዊ ቀለም በሂናው ቀይ ላይ ሲደረብ ቡናማ ወይም ጥቁር ይወጣል። ይህ አሮጌና የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጥቁረቱ ግን የኢንዲጎ እንጂ የሂና አይደለም። ሁለተኛው ፓራፊኒሊንዳያሚን የተባለው የፋብሪካ ቀለም ነው። በጸጉር ቀለም ውስጥ በብዙ አገር መጠኑ በሕግ ተወስኖ ይሠራበታል፤ ለእጅና ለእግር ጌጥ በሚሸጠው «ጥቁር ሂና» ውስጥ ግን በዝቶ ሲገባ ቆዳን ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል። አንዴ ቆዳው ከተቆጣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ ተራ የጸጉር ቀለም እንኳ ላይስማማው ይችላል።

ቅጠሉ ብቻውን ከሆነስ ጉዳት የለውም ማለት ነው? ለአብዛኛው ሰው እንደዚያ ነው፤ ለሁሉም ግን አይደለም። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ፤ በተለይ እንዲህ ያለ ሕፃን ሰውነቱ ላይ ሂና ሲቀባ ቀይ የደም ሕዋሳቱ ሊፈርሱ ይችላሉ። ጸጉርን በተመለከተ የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ አንዳንድ ዱቄቶች የብረታ ብረት ጨው ይደባለቅባቸዋል፤ በኋላ ፐርኦክሳይድ ሲነካቸው ይግላሉ፣ ጸጉሩንም ያበላሹታል። ከሂና ወደ ፋብሪካ ቀለም ልትዞር ያሰበች ሴት ማበጠሪያዋ ላይ የቀረውን ጸጉር ሰብስባ አስቀድማ በእሱ ላይ ብትሞክረው ይሻላል።