ፅንስ ማህፀን ሳይደርስ የሚኖርበት ውሃ

መንዝ ሞላሌ ዘመድ ካለዎት፣ ስለ በግ የተነሳ ጨዋታ ቶሎ እንደማያልቅ ያውቃሉ። ባናው ከፀጉሩ፣ የልጆች ደብተር ከሽያጩ። ከ2001 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ የአካባቢው ገበሬዎች ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ምርጥ አውራ በጎችን በጋራ እየመረጡ መንጋቸውን ያሻሽላሉ። አውራው ከተመረጠ በኋላ ግን ቀሪው ሥራ በእናቲቱ ሆድ፣ በአንዲት ቀጭን ቱቦ ውስጥ ነው። በሰውም እንዲሁ።

እንቁላልና የወንድ ዘር የሚገናኙት ማህፀን ውስጥ ሳይሆን በማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው። ፅንሱ ሦስት አራት ቀን እዚያው ይቆያል። እትብት የለ፣ የእንግዴ ልጅ የለ፤ የሚኖረው በፈሳሽ ነው። የቱቦው ሴሎች ክሎራይድ የተባለውን የጨው አካል ወደ ውስጥ ይገፋሉ፣ ሶዲየም ይከተለዋል፣ ውሃ ደግሞ ጨው ወዳለበት ይሄዳል። ለሰላጣ የከተፉት ቲማቲም ጨው ሲነካው ውሃ ያወጣ የለ? ያው ነው። ተመራማሪዎች ሴሎቹን በላቦራቶሪ ቀዳዳ ባለው ስስ ሽፋን ላይ አሳድገው፣ አዮኖቹ ሲያልፉ የሚፈጥሩትን ጥቃቅን የኤሌክትሪክ ፍሰት ይለካሉ።

በጓም ውለታ አላት። በ1972 እ.ኤ.አ. ቴርቪት፣ ዊቲንግሃምና ሮውሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የበግ ቱቦ ፈሳሽ የያዘውን መሠረት አድርገው ያዘጋጁት ሰው ሠራሽ ፈሳሽ የበግና የላም ፅንስን ከሰውነት ውጪ ለማሳደግ ዋለ።

ወደ እርስዎ ቤት እንምጣ። እንደ ክላሚዲያ ያለ፣ ብዙ ጊዜ ምልክት የማያሳይ የአባላዘር በሽታ የቱቦውን ጫፍ ሊዘጋው ይችላል። ሴሎቹ ግን ማመንጨታቸውን አይተዉም፤ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ቱቦውን ይነፋዋል፣ ወደ ማህፀንም እየተመለሰ ፅንስ እንዳይጸና ያደርጋል። በአይቪኤፍ የመፀነስን ዕድል በግማሽ ያህል ይቀንሰዋል። ስለዚህ ሐኪሞች አስቀድሞ ቱቦውን ማውጣት ወይም መዝጋት ይመክራሉ። ልጅ ለምትናፍቅ ሴት ይህን መስማት ከባድ ነው፤ ተስፋዋን የሚቆርጡባት ይመስላታል። ተስፋዋን የሚያበላሸው ግን ያበጠው ቱቦ ነው።

አዲስ አበባ፣ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የመካንነት ሕክምና ማዕከል አለው። ዓመት ሞክራችሁ ካልሆነ፣ ሚስት 35 ካለፋት ደግሞ ስድስት ወር፣ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ። ምርመራው ለሚስት ብቻ አይደለም፤ የባልም ዘር ይታያል። አይቪኤፍ ከመጀመራችሁ በፊትም ሐኪሙን «ቱቦው ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።